ከኋላችን የተሰለፈችው

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ተጽፎ ስለነበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ቦርሳዬን ከጀርባዬ ሳላወርድ የእናቴ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ። እናቴ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያው ላይ ናት። ስክሪኑ ላይ ያለሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

የክትባት ካርዴ ነው። ጥርሴ የወለቀበት ፎቶ፣ ስሜ፣ የተወለድኩበት ቀን፣ ክንዴን የተወጋሁባቸው ቀኖች። ትምህርት ቤቱ ስለጠየቀ እናቴ ልታትምልኝ ከፍታው ነበር። ስክሪኑ አናት ላይ ባለው ረጅም መስመር ጫፍ ቁጥሬ ተቀምጧል፤ 2318። ቁጥሬን በቃሌ አውቀዋለሁ። ክሊኒኩ በአዲሱ ሲስተም መመዝገብ የጀመረ ሰሞን፣ የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ በአዳራሹ መሀል "ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት!" ብለው ሲጣሩ "አቤት!" ብዬ ዘልዬ ተነስቼ ሰው ሁሉ ስቆብኛል።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስምንቷን አጠፋሁና ዘጠኝ ጻፍኩ።

ብቅ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው፣ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ሚጡ፣ ዛሬስ ማንን አስለቀስሽ?" የምትለኝ። ፎቶ አንሺው የሰደባት ይመስል አገጯን ቀና አድርጋ ታየኛለች። በሳቅ ልሞት። ሰባት ጻፍኩ፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቆመው ያንቀላፉ የነበሩት ሰውዬ መጡ። ሃያ ጻፍኩ፤ አንዱን መንታ አዝላ ሌላውን ያቀፈችው ሴት መጣች። ያኔ ገባኝ። የዚያን ቀን ሰልፍ ነው! ሰልፉ እንዳለ፣ በቆምንበት ተራ፣ እናቴ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ተመላለስኩበት።

ደህና አድርጌ ያነበብኩት ግን የልብስ ሰፊዋን ነው፤ የማውቃት እሷን ስለሆነ። "የሚጥል በሽታ። ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ።" ምን እንደሆነ አላውቅም። ጉንፋን ቢጤ መሰለኝ። የእናቴን ኮቴ ደረጃው ላይ ስሰማ ስምንቷን መለስኩና ወርጄ ቦርሳዬን አወለቅኩ።

እናቴን ከቀበርናት አራት ወር ሆነ። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመዳችን ለሌላዋ፣ "ልጅቷ ያበላሸችውን በወንድሟ ላይ ያላከከች እኮ ናት" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የሆነውን ከነ ስህተቴ እጽፈዋለሁ። መጻፍ ማንም አላስተማረኝም፤ የማየውን እንዳየሁት ማስቀመጥ ግን ከእናቴ ተምሬያለሁ።

እናቴ ያን ሲስተም ከሠሩት አንዷ ነበረች። ድርጅቱ የአጎቴ ነው፤ የእሷ ታላቅ ወንድም። ለክሊኒኮች የካርድና የቀጠሮ ሲስተም ይሠራሉ፤ በሽተኛው ስልኩ ላይ በሚደርሰው ሊንክ የራሱን ካርድ ያያል። ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው እናቴ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ ስህተት የምትለቅም መሆኗን፣ ቢሮ ያሉት ልጆችም "ጎርጓሪዋ" እንደሚሏት ብቻ ነው።

የቁጥሩን ነገር የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ማንም የማይገምተው ረጅም፣ የተዘበራረቀ መለያ ሰጥታ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ አሻፈረኝ አሉ። "ይሄን አዳራሽ ውስጥ ልጥራው ወይስ ልዝፈነው?" አሉ። ሰው በወረቀቱ ካርድ ዘመን እንደለመደው አጭር ቁጥር፣ በመጣበት ተራ እንዲሰጠው ፈለጉ። አጎቴ ደንበኛ ላለማስቀየም፣ ሊንኩ ላይ የሚገባውም እሱው የካርድ ቁጥር ይሁን አለ። እናቴ፣ እንግዲያው ካርዱን የሚከፍት ሁሉ ማንነቱ ይጣራ ብላ ጻፈች። "ቆይ፣ በሚቀጥለው ዙር" ተባለች። ደግማ ጻፈች። "ቆይ" ተባለች። ቆየች። እስክትሞት ድረስ የቆጫት ያ መቆየቷ ነው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠርዙ የተተረተረ ቀሚሴን ይዤ ወደ ልብስ ስፌቱ ገባሁ። አራት መኪኖች በአንድነት ሲያጓሩ ሰው የሚሰማው በጩኸት ነው። ባለቤትየዋ ጠመኔዋን ከጆሮዋ ኋላ ሰክታ ከአንዷ ወደ አንዷ ትንጎራደዳለች። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር፣ የጨርቅ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ተነስንሶባት ቀሚሴን ተቀበለችኝ።

የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ትልልቆች ሲያደርጉት አይቻለሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ "እትዬ፣ በሽታሽ ተሻለሽ?" አልኳት፤ መኪናው እንዳይውጠኝ ጮክ ብዬ።

"የቱ በሽታዬ ሚጡ? ጉንፋኑ?" አለች ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

"አይ፣ የሚጥል በሽታሽ። ክኒኑን በቀን ሁለት ጊዜ ትውጫለሽ?"

መጀመሪያ የቆመው የእሷ መኪና ነው። ቀጥሎ የጎኗ። ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። ያን ክፍል እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

ባለቤትየዋ ጠመኔውን ከጆሮዋ አወረደች። "ምንድን ነው የምትለው ይቺ ልጅ?"

"ምን ትላለች፣ ከቴሌቪዥን የለቀመችውን ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሳቀችም።

እኔ ደግሞ ውሸታም መባል አልወድም። "ከቴሌቪዥን አይደለም! ኮምፒውተር ላይ አለሽ፣ ከነፎቶሽ። ከኋላችን ተሰልፈሽ አልነበር?"

የቀሚሴን ጠርዝ ሰፍታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔማ ከእኔ በቀር ጠያቂ ስላጣች ሆድ የባሳት መስሎኝ "እግዜር ይማርሽ" ብያት፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ እየመሰለኝ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ በራችን ተደበደበ። እናቴ ወደ ኩሽና ሰደደችኝ፤ እኔም የኩሽናውን በር ገርበብ አድርጌ ቆምኩ።

"እኔና ሐኪሙ ብቻ ነን የምናውቀው" ትላለች ልብስ ሰፊዋ። "የወለደችኝ እናቴ እንኳ አታውቅም! ከነገ ጀምሮ ከመኪናው ተነስተሽ ቁልፍ ትተክያለሽ ተባልኩ። መርፌ ላይ ብትወድቂ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። አንድ ቀን!"

"እኔ ምንም አልነገርኳትም" አለች እናቴ።

"ታዲያ ከሰማይ ወረደላት?"

እናቴ ጠራችኝ። "ነይ። እንዴት እንዳየሽው አሳዪኝ።"

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ስምንቷን አጥፍቼ ዘጠኝ ጻፍኩ። ልብስ ሰፊዋ ራሷን ስክሪኑ ላይ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ኩርኩሙን እየጠበቅኩ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እናቴ ግን አልነካችኝም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለቻት። "በዚህ በኩል ክፍት እንደሆነ አውቅ ነበር።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አውቀሽ ዝም አልሽ?"

ልብስ ሰፊዋ በሩን ሳትዘጋ ወረደች። እኔ እናቴ እኔን ለማዳን የዋሸች መሰለኝ። ኮምፒውተሩን የሰበርኩት እኔ፣ ለሰው የማይታየውን ሰልፍ የከፈትኩት እኔ፣ የምትቀጣው ግን እሷ። ያን ሌሊት በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ እውነቱን ለአጎቴ እናገራለሁ ብዬ።

ሐሙስ እናቴ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቢሮ ወሰደችኝ። ቢሮው ከመስታወት ቆራጭ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች መስታወት በተቆረጠ ቁጥር ጥርስ ያፋጫል። ልጆቹ "ጎርጓሪዋ መጣች!" ብለው ሊቀልዱ ጀመሩና ፊቷን ሲያዩ ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ። እሷ አጎቴ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ሁሉን አያለሁ፤ የምሰማው ግን ከመስታወት ቆራጩ የተረፈውን ነው።

አንድ ወፍራም የወረቀት እሽግ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ አየሁ። የእኔ ጥፋት ዝርዝር መሰለኝ፤ እንዴት በዛ ብዬ ደነገጥኩ።

ያ ወረቀት ማን የትኛውን ካርድ መቼ እንደከፈተ ሲስተሙ የሚጽፈው መዝገብ ነበር። እኔ የከፈትኩት አሥራ አንድ ካርድ ነው። ከእኔ አሥር ቀን ቀደም ብሎ አንድ ሰው፣ በእጁ ሳይሆን ለዚሁ በጻፈው ፕሮግራም፣ ከቁጥር አንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተራ በተራ በአርባ ደቂቃ ከፍቶ ወስዷል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናቴ ይህን ያገኘችው ረቡዕ ማታ፣ ልብስ ሰፊዋ ከወጣች በኋላ ነው።

"ዛሬ ይዘጋ፣ ወንድምዓለም" ስትል ሰማኋት።

"ዛሬ ከዘጋነው የክሊኒኩ ሰዎች ለምን ይላሉ። ቆይ፣ ከአዲሱ ማሻሻያ ጋር አብሮ ይዘጋል። ሦስት ሳምንት ናት።"

"ለምን ካሉ ይነገራቸዋል። በሽተኞቹም ይነገራቸው።"

"አብደሻል? አራት ሺህ ሰው ጠርተሽ ገመናችሁ ሜዳ ላይ ነው ልትዪ?"

"አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት።"

"እቱ፣ ያሳደግኩሽ እኮ እኔ ነኝ።"

"ለዚህ ነዋ መጀመሪያ ለአንተ የነገርኩህ። ነገ ለእነሱ እነግራለሁ።"

አጎቴ ለመናት፣ ተቆጣ፣ ጠረጴዛውን መታ። እሷ ፍንክች አላለችም። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ አንዱን ልጅ ጠራና፣ "የእሷን የሲስተም መግቢያ ዝጋው። አሁን!" አለው። ልጁ ጫማውን እያየ ዘጋው። እናቴ ኩባያዋንና ሹራቧን ልትሰበስብ ወደ ጠረጴዛዋ ስትሄድ እኔ አጎቴን ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

አጎቴን እወደው ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆናል። በሚሽከረከረው ወንበሩ የሚያዞረኝ፣ "የኔ ኢንጂነር" የሚለኝ እሱ ነው።

"አጎቴ፣ እማዬን አትቆጣት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አልኩት።

በርከክ ብሎ ዓይኔን አየኝ። "ምኑን?"

ሁሉን ነገርኩት። ዘጠኟን፣ ባርኔጣውን፣ መንታዎቹን። ሲሰማኝ ፊቱ እየበራ ሄደ። ይቅር እያለኝ መሰለኝ።

"በእማዬ ኮምፒውተር ነው?"

"አዎ።"

"የእማዬ ፓስወርድ ገብቶ ነበር ማለት ነው?"

ፓስወርድ ገብቶ ይሁን አይሁን ምን አውቄ። ግን "አዎ" እንድል እንደፈለገ ገባኝ። "አዎ" አልኩ።

"ጎበዝ! የኔ ኢንጂነር። እስቲ እንደገና ንገሪኝ" አለና ስልኩን አውጥቶ አፌ አጠገብ ያዘው። ድምፄን የወደደው መስሎኝ አሳምሬ ደገምኩለት። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሦስት ጊዜ አዞረኝ። ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ኩባያዋንና ሹራቧን አቅፋ ትራመዳለች፤ እኔ ግን ሰላም ያወረድኩ መስሎኝ በመንገዱ ሁሉ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

አርብ ትምህርት አልነበረም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ውስጥ፣ የዋና ሐኪሟ ክፍል ተቀምጠናል። እናቴ በጠዋት ደውላ ቀጠሮ ይዛለች፤ ዋና ሐኪሟ ደግሞ አጎቴን አስጠርተዋል። የካርድ ክፍሉ ሽማግሌም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በሩ አጠገብ አሉ። እናቴ ነገሩን ከመነሻው ተናገረች። መዝገቡን አሳየች። "ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቆየሁ፤ መቆየት አልነበረብኝም" አለች።

አጎቴ ታግሶ አዳመጠና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ዶክተር፣ እህቴ ተጨንቃ ነው፤ አልፈርድባትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ይስሙት።"

የእኔ ድምፅ ወጣ። "በእማዬ ኮምፒውተር... አዎ... የእማዬ ፓስወርድ ገብቶ ነበር..."

ድምፄን እንደዚያ ጎልቶ ስሰማ መጀመሪያ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከዚያ የዋና ሐኪሟ ቅንድብ ሲነሳ፣ ሽማግሌው እናቴን በሐዘኔታ ሲያዩዋት አየሁ። አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

"እንደሰሙት ነው" አለ አጎቴ። "ሠራተኛዋ መግቢያዋን ከፍታ ትታ ልጅ ገብታበታለች። ሲስተሙ ምንም አልሆነም። መግቢያዋን ትናንት ዘግተናል።"

ያቺ "አዎ" ምን እንዳደረገች የገባኝ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው። እናቴ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ራሴው ድስት እያጠብኩ ሳለሁ በድንገት ገባኝና ውሃው እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ።

የዚያን ቀን ያደረገችው እጇን አናቴ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። "ወንድምዓለም፣ ጨረስክ?" አለችው።

"ጨረስኩ።"

ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባባ፣ ስልክዎን ይዘዋል? የራስዎን። የክሊኒኩን አይደለም።"

"ይዣለሁ።"

"ካርድዎ የሚታይበትን ሊንክ ይክፈቱልኝ።"

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ስልኩን አርቀው ይዘው እያጉረመረሙ ከፈቱ። "ይኸው። ቁጥር አንድ። መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ለሙከራ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ዶክተር ናቸዋ። እሳቸውም ለሙከራ።"

"አንዷን ያጥፉና ሁለት ይጻፉ።"

አጎቴ፣ "ቆይ..." ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ሽማግሌው ግን በወፍራም ጣታቸው ጽፈው ጨርሰዋል። አነበቡ። ከንፈራቸው የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ቆመ። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ላዩ ላይ አደረጉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር" አሉ።

ዋና ሐኪሟ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ማንም ምን እንዳነበቡ አልጠየቀም፤ እኚያ ሽማግሌም ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ።

"ዝጉት" አሉ ዋና ሐኪሟ ለአጎቴ። "ከዚህ ክፍል ሳትወጣ።"

አጎቴ እየደጋገመ ደወለ። ከሰዓት በፊት ተዘጋ። እናቴ ግን አልተነሳችም።

"ለሰዎቹም ይነገር" አለች።

"ተዘጋ እኮ" አሉ ዋና ሐኪሟ። "አሁን ብንናገር ስማችን ነው የሚጠፋው። ማን ደግሞ ወደዚህ ይመጣል?"

"ከቤቴ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ሴት ትናንት ከሥራዋ ወርዳለች። ገመናዋን የሰማችው ከልጅ አፍ ነው፤ በሰው ፊት። ያ ሌላው የወሰደው ሰው ምን እንደሚያደርግበት አናውቅም። ከእሱ ከሚሰሙት ከእኛ ይስሙ።"

ዋና ሐኪሟ መስኮቱን ያዩ ነበር። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዶክተር፣ እኔ ማየቴን ባያውቁ ይሻልዎ ነበር?"

ዋና ሐኪሟ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። "አራት ሺህ ሰው ማን ይደውልለታል?" አሉ።

"እኔ" አለች እናቴ።

ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ጠባብ ጠረጴዛ ተቀምጣ ደወለች። እኔ ከትምህርት ቤት እየመጣሁ አጠገቧ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች፤ ለሁሉም እሱኑ ታነባለች። "ካርድዎ ለሌላ ሰው በሚታይ መንገድ ክፍት ነበር። አንድ ሰው ወስዶታል፤ ማን እንደሆነ አናውቅም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የእርስዎ አይደለም።" የሚሰድባት አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ "ከእኔ ጉልበት ሕመም ምን ሊያተርፉ!" ብሎ የሚስቅ አለ። ስልክ ላላነሳ ሦስት ጊዜ ትደውላለች፤ ከዚያ ደብዳቤ ትልካለች።

መጀመሪያ የደወለችው ለ2319 ነው። ልብስ ሰፊዋ አላነሳችም። እናቴ አምስት ቀን ሙሉ ወርዳ በሯን አንኳኳች፤ በአምስተኛው ተከፈተላትና ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ቆማ ተናገረች። "ሰማሁ" አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ዘጋችው። እኔን ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ጥግ ይዛ ታልፋለች። ዓመቱ ሳያልቅ ቤቱን ለቀቀች፤ ወዴት እንደሄደች አናውቅም።

ጥሪው ሰባት ሳምንት ከሦስት ቀን ፈጀ። አጎቴም በዚያ ክሊኒክ ካርድ ነበረው፤ ቁጥሩ 3107 ነው። ተራው ሲደርስ እናቴ ሳትዘልለው ደወለች። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር እንደ ማንም ሰው "እርስዎ" እያለች አነበበችለት። እስከ መጨረሻው አዳመጣትና "እሺ" ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።